ሐረር ስንት ምሳ ይርቃል?

አባዬን «ከአዲስ አበባ ሐረር ስንት ይርቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ኪሎ ሜትር አይነግራችሁም። «ቁርስ ናዝሬት፣ ምሳ አዋሽ፣ ቡና አሰበ ተፈሪ፣ እራት እዚያው ሐረር» ይላችኋል። ናዝሬት አዳማ፣ አሰበ ተፈሪም ጭሮ ከተባሉ ቆይተዋል፤ እሱ ግን ጆሮውን አልሰጠም። ቁጥር ለምትወዱ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አባዬ ከ1965 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ከባድ መኪና ላይ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ረዳት፣ ቀጥሎ ሹፌር። ዕድሜውን የጨረሰው ፊያት ኤንትሬ ላይ ነው፤ ያቺ መሪዋ በስተቀኝ የሆነች የጣሊያን መኪና። አሁን 72 ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ ስኳርም አለበት። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ሐረር ያለችው እህቱ፣ እቴቴ፣ ልጇን ልትድር ስለነበር «በአውሮፕላን ድሬዳዋ ድረስ እንሂድ» ብንለው «እኔ ሐረር በሰማይ ሄጄ አላውቅም» አለ። አለቀ። እማዬ የእህቴን ሕፃን ትታ መሄድ ስላልቻለች መንገዱ ለእኔና ለአባዬ ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆማ አደራዋን ሰጠችኝ። «ከመንገድ ላይ ምንም እንዳይበላ። ምግቡ እዚህ አለ።» ምግቡ በምሳ ዕቃ የተደረገ ቅቤ ያልነካው የገብስ ቂጣ፣ ሁለት ቅቅል እንቁላልና አንድ ፔርሙዝ ስኳር የሌለው ሻይ ነበር። አባዬ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከክሪኩ አጠገብ አስቀመጠው። ቦታውን ሳየው ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

ቪትሴን ዞር ብሎ አያት። «ይሄ መኪና ነው የመኪና ልጅ?» አለኝ። ከዚያ በተሳፋሪው በር ገባ። የሱን ሁኔታ የተረዳሁት ትንሽ ከሄድን በኋላ ነው። ለእኔ የተሳፋሪ ወንበር የሆነው ቦታ ለእሱ የሹፌር ወንበር ነው፤ የኤንትሬ መሪ በዚያ በኩል ነበራ። ሌላ ሰው ሲቀድመኝ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ግራ እጁ በሁለታችን መሀል ማርሽ ይፈልጋል። የእኔ ቪትስ አውቶማቲክ ነች። እጁ ባዶውን ጨብጦ ወደ ጭኑ ይመለሳል።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ወስጄ ፈጣን መንገዱ ውስጥ ስገባ አኮረፈ።

«ለምን በዱከም አንሄድም?»

«አባዬ፣ በዚህ 85 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት አይሞላም።»

«ይሄ መንገድ አይደለም፣ ቧንቧ ነው። አንድ ቦታ ሽንኩርት ይሸታል? ይሸታል ወይ? በይ መስኮቱን ክፈቺና አሽትቺ።»

ከፈትኩት። እውነቱን ነው፣ ምንም አይሸትም። ግራና ቀኙ አጥር ነው። ሰው አያቋርጥም፣ ጋሪ የለም፣ ባጃጅ አይገባም፣ ሻይ የለም። በአሮጌው መንገድ ቢሆን በዱከም ሥጋ ቤቶች፣ በደብረ ዘይትና በሞጆ ውስጥ ለውስጥ እናልፍ ነበር፤ እንደሱ አቆጣጠር ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንቆም ነበር ማለት ነው። እኔ ፈጣን መንገዱን እወደዋለሁ፣ ይቅርታ። ሌሊት ከፊቴ በድንገት አህያ የማይወጣበት መንገድ ለእኔ ቅንጦት ነው። ግን እስከ አዳማ ድረስ ሁለታችንም ያወራነው አንድም የሚረባ ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም አባዬ የሚያወራው ባየው ቤት ላይ ነው፣ ቤት አልነበረም።

አዳማ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። «ቀኝ። አሁን ግራ። ቀስ። እዚህ!» አለኝ። እዚህ የተባለው ቦታ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ምድር ቤቱ ባንክ፣ ጎኑ የሞባይል ሱቅ። አባዬ በመስኮት ሽቅብ እያየ «ዱለቷን የምትሠራው ሴትዮ እዚህ ነበረች» አለ። ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ትሆን እንደነበር አልጠየቅሁትም። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ከባንኩ ጀርባ ሌላ ቤት አገኘን። በሩ ላይ የመኪና እጥበት ልጆች ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀምጠው ይበላሉ። አባዬ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። የሱ ሕግ ይህ ነው፦ መኪና የበዛበት ቤት አትግባ፤ መኪና የሚበዛው መቆሚያው ሰፊ ስለሆነ ነው። አውቶቡስ የሚቆምበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አትግባ፤ ሹፌሩ ተሳፋሪ ስላመጣ በነፃ ይበላል፣ የሱን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ። ረዳት የሚበላበትን ቤት ፈልግ። ረዳት ከገዛ ኪሱ ነው የሚከፍለው፤ ኪሱም ቀጭን ነው፣ ስለዚህ አይሳሳትም።

ለብለብ ዱለት አዘዘ፤ ለእኔ ቋንጣ ፍርፍር። አስተናጋጇ «አባባ፣ ለሻይዎ ስኳር ላድርግልዎ?» ስትለው እሱ አዎ፣ እኔ አይ አልን፣ እኩል። ልጅቷ ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ ቆመች።

«ስኳር የሌለው ሻይ የታመመ ሰው ነው የሚጠጣው» አለኝ።

«አንተ ታመሃል እኮ።»

«እኔ ስኳር አለብኝ እንጂ አልታመምኩም።»

በግማሽ ማንኪያ ተስማማን። ዱለቱ ሚጥሚጣው የበዛ፣ ጉበቱ ገና ሮዝ የሆነ፣ ትኩስ ነበር። ሁለቴ ጎረስኩለት፣ ሦስተኛውን በእጁ ከለከለኝ። «ይበቃሻል። ቆላ ልትወርጂ ነው።» ይሄም ሕግ ነው። ከአዳማ እስከ አዋሽ መንገዱ ወደ ሙቀት ይወርዳል፣ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ መሪው ሥራ የለውም። የጠገበ ሹፌር የሚተኛው እዚያ ላይ ነው። ዳገት ላይ ማንም አይተኛም፤ በአንደኛ ማርሽ እያጓራህ ጥግ ጥጉን እያየህ ስትወጣ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከቁልቁለት በፊት ትንሽ፣ ከዳገት በፊት ብዙ ትበላለህ። የሞቱ ጓደኞቹን እየጠራ ማን የት እንደተገለበጠና ከዚያ በፊት ምን በልቶ እንደነበር ነገረኝ። እኔ ቋንጣዬን ገፋ አደረግሁት።

ከአዳማ በኋላ ያለው መንገድ ለስኳር ሕመምተኛ የተሠራ አይደለም። ደቡቡ ላይ ወንጂ አለ፤ ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 የአገሪቱን የመጀመሪያ ስኳር ፋብሪካ ያቆመበት። ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ስኳር ፋብሪካ ይጠብቀናል፤ አረንጓዴው የሸንኮራ እርሻ ከጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፣ አየሩ ራሱ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። የመንገድ ዳር ልጆች ሸንኮራውን እንደ ጦር አቁመው ይሸጣሉ። አባዬ ሳቀ። «ሐኪሙ ከስኳር ራቅ አለኝ። ወዴት ልራቅ? እሱ ይቺን አገር መቼ ያውቃታል።»

መተሐራ ላይ «ለሽንት ልውረድ» አለ። ቤንዚን የሚቀዱት ተሰልፈው ስለነበር እኔ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ቆየ። ጉልበቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሲመለስ ጃኬቱን በዚያ ሙቀት ለብሶት ነበር። እኔ ሞኝ፣ አላሰብኩበትም።

ወሬው የተከፈተው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መተሐራ ልንገባ ስንል በሰቃ ሐይቅ ላይ ስንደርስ ነው። በሰቃን ያላያችሁት ካላችሁ፣ የሐይቁ ውሃ እስከ አስፋልቱ ድረስ መጥቶ መንገዱን ይነካል፣ በሌላው በኩል ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ጥቁር ሆኖ ተከምሯል። አባዬ ረዳት ሆኖ ሲያልፍ ሐይቁ ትንሽ ኩሬ ነበር፣ ከመንገዱ ርቆ። ሐይቁ ከ1950ዎቹ ወዲህ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቷል፤ ከሥሩ የሚወጣው ፍል ውሃና ከመስኖው የሚሠርገው ውሃ ተደምረው ነው። ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለከብትም አይሆንም። መንገዱም የድሮው የባቡር ሐዲድም ከውሃው እየሸሹ ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። «አሁን ውሃው ያለበት ቦታ ላይ» አለ አባዬ በጣቱ ወደ መሀል እያመለከተ፣ «አንድ ጊዜ ጎማ ስንቀይር ሽሮ ሠርተን በልተናል።» መሀል ሐይቁ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ተቀምጣ ነበር። ሽሮው እዚያ ሥር ነው።

ፈንታሌ ያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር። በ2017 ያ አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ አዲስ አበባ ድረስ አልጋችን ሲወዛወዝ ታስታውሳላችሁ። አባዬ ተራራውን በአክብሮት አየውና ኮፍያውን አስተካከለ። የአዋሽ ፓርክን መሀል ለመሀል ስናቋርጥ ሦስት ሳላዎች ከግራር ሥር ቆመው አየን፤ ቀንዳቸው ቀጥ ያለ፣ ፊታቸው ጥቁርና ነጭ። አባዬ ስለ ሳላ ምንም የሚለው አልነበረውም። በልቶት ስለማያውቅ ይመስለኛል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ 5 ሰዓት ላይ። ሙቀቱ በር ስከፍት ፊቴን መታኝ። የቪትሷ ኤሲ ድሮ ሞቷል፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ከተማዋ የተወለደችው ከባቡሩ ጋር ነው፤ አሮጌው ጣቢያና ከጎኑ ያለው የባቡር ዘመን ሆቴል አሁንም አሉ፣ ጥላ ያለው ግቢ፣ ወፍራም ግድግዳ። እዚያ ብንበላ እወድ ነበር። አባዬ ግን «እሱ የባቡር ሰው ቤት ነው» አለ፤ በሹፌርና በባቡር መሀል ያለው ቂም ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ረዳቶች ወዳሉበት ሄድን። ኮንቴይነር የጫኑ የጅቡቲ ተሳቢዎች በተርታ ቆመዋል፣ ከሥራቸው ባለው ጥላ ምንጣፍ አንጥፈው የተኙ አሉ። በሩ ላይ ሙሉ ፍየል ተሰቅሏል። አባዬ ፍየሉን ዞሮት አየ፣ ጭኑን በጣቱ ጠቆመ፣ ከባለቤቱ ጋር በአፋርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተለዋወጠ። የሱ አፋርኛ ምግብ ለማዘዝና ጎማ ለማስጠገን ይበቃል፤ ሌላ ነገር አይችልበትም።

የፍየል ጥብስ መጣ፣ ከቃሪያና ከቀይ ሽንኩርት ጋር፣ ስቡ ገና እየተንጫጫ። ከጎኑ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ፓስታ፣ ቀይ ሱጎ የፈሰሰበት። ይሄ የመስመር ሹፌሮች ምግብ ነው። ጣሊያን መኪናውንም ምግቡንም ትቶላቸው ሄደ። ፓስታውን እንጀራ ላይ ገልብጠው በእጅ ይበሉታል፤ እንጀራና ፓስታ በአንድ ጉርሻ። እኔ «ዱቄት በዱቄት!» ብዬ ጮህኩ። «ፍየሉን ብላ፣ ፓስታውን ተው።» ሲያዳምጠኝ ቆይቶ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ለእኔ አጎረሰኝ። አፌ ሲሞላ መከራከር አልቻልኩም፤ በዚያ መሀል እሱ ሦስት ጎረሰ። የተለማመደው ዘዴ ይመስላል።

ጣፋጭ ነበር። ለእማዬ አትንገሩ።

ከበላን በኋላ ፀጥ አለ። ከአዋሽ ወጣ እንዳላችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ የሚሄደው በገዋኔ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ፣ ድሮ ደግሞ ወደ አሰብ። ወደ ቀኝ የሚሄደው የእኛ ነው። መገንጠያው ላይ «ቀስ በይ» አለኝ፤ ቀስ አልኩ። ከኋላዬ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ነፋ። አባዬ ወደ ግራ እያየ ስለ ዓሣ ጀመረ። አሰብ ሲደርሱ ማታ ነው፣ መኪናውን ለማራገፊያ ተራ አስይዘው ወደ ከተማ ይወጣሉ። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ በርበሬ ይቀባና ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ይሰቀላል፤ የየመን አሠራር ነው። ቂጣውም እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይበስላል፣ አንድ ክንድ ያክላል። ጋዜጣ ላይ ይቀርባል። ሰሃን የለም፣ ማንኪያ የለም። እጃቸው ሁለት ቀን ዓሣ ይሸታል፤ መሪውም ይሸታል፤ ደሴ ደርሰው እንኳ ይሸታል። «በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር» አለ፣ «እኔ ከአሰብ ከወጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነበር። ተመልሼ እሄዳለሁ ብዬ ጃኬቴን እዚያ ትቻለሁ።»

«ጃኬቱን የት ተውከው?»

«ዓሣ ቤቱ።»

ከዚያ እስከ አሰቦት ድረስ ዝም አለ። እኔም።

ሚኤሶ መግቢያ ላይ የኋላ ቀኝ ጎማዬ ተነፈሰ። ምስማር ነው። ጎሚስታው ራሱ ምሳ ሄዶ ነበር፤ የቀረው አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ብቻ። ሥራውን ግን ከእኔም ከአባዬም በተሻለ ያውቃል፤ ክሪኩን ራሱ ፈልጎ ሲያወጣ ምሳ ዕቃውን አገኘው። ዕቃውን አይቶ አባዬን አየ። አባዬ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ግመሎቹ ዞርኩ።

ልጁ ቂጣውን አንድም ፍርፋሪ ሳያስቀር፣ ሁለቱንም እንቁላል ጨምሮ፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ በላ። «ማን ነው የጋገረው?» አለ ሲጨርስ። «ባለቤቴ ናት» አለ አባዬ፣ በኩራት። «ጎበዝ ናት» አለ ልጁ። የጎማውን ሒሳብ ሲነግረን ግን ቅናሽ አላደረገም።

ሚኤሶ የግመል ወተት ገበያ ናት። ሴቶች በቢጫ ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል። አባዬ አንድ ብርጭቆ ገዛ፤ ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። «ለስኳር መድኃኒት ነው» አለኝ። ማን አለ ብዬ ስጠይቀው ሴትዮዋን አሳየኝ። ሴትዮዋም ራሷን ነቀነቀች። ሻጯ ምስክር የሆነችበት መድኃኒት።

ከሚኤሶ በቆላው በኩል በቀጥታ ወደ ድሬዳዋ የሚያስኬድ መንገድ አለ፤ ለጥ ያለ ነው። እኔ እሱን አስቤ ነበር። አባዬ ጣቱን ወደ ተራራው ቀሰረ። «ቡና የት ልትጠጪ ነው?»

ጭሮ ላይ የጠጣነው ቡና አልነበረም፣ ቁጢ ነው። ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ያላት አንዲት እናት ቤት፤ አባዬ በሐረርጌ ኦሮምኛ ለምኗት ከጓዳዋ አወጣች። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፤ ይጠበሳል፣ ይደቅቃል፣ ይፈላል፣ ወተትና ጨው ይገባበታል። ቡናውን ለገበያ ሸጦ ቅጠሉን ለራሱ ያስቀረ ገበሬ የፈጠረው ይመስለኛል፤ ግምቴ ነው። ቀለሙ የሸክላ፣ ጣዕሙ በተጠበሰ ሣርና በሻይ መሀል የሆነ ነገር። ጨው ስላለበት ስኳር የሚጠይቅ የለም። የቀኑ ብቸኛ ሰላማዊ መጠጥ እሱ ነበር። ሁለት ሁለት ስኒ ጠጣን፣ ዋጋ ስንጠይቃት ደግሞ «ለምን ሦስተኛውን አትጠጡም?» ብላ ተቆጣች።

ከዚያ ዳገቱ። ከጭሮ እስከ ሂርና፣ ከሂርና እስከ ጨለንቆ መንገዱ በተራራው ጫፍ ላይ እንደ ክር ይጠመዘዛል፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ እርከን እርከን ሆኖ ማሽላው የታጨደበት ገለባና አረንጓዴ ጫት። እዚህ ላይ አባዬ ሥራውን ጀመረ። በቀኙ ስለተቀመጠ የአስፋልቱን ጠርዝ የሚያየው እሱ ነው፣ እኔ አላየውም። «ግማሽ ሜትር አለሽ። አርባ ሳንቲም። ወደ ውስጥ!» የጣሊያን መኪናዎች መሪ ለምን በቀኝ እንደተደረገ ያን ጊዜ ነገረኝ፤ በተራራ መንገድ ላይ የሚገድልህ ጠርዙ ነው፣ ስለዚህ ዓይንህ ጠርዙ ላይ መሆን አለበት። ከፊታችን የጫት አይሱዙዎች መብራታቸውን አብርተው፣ ጥሩምባቸውን ሳያቋርጡ ይመጣሉ። ጫት ቶሎ ካልደረሰ ይጠወልጋል፣ የጠወለገ ጫት ዋጋ የለውም፤ ሹፌሩ የሚሮጠው ከቅጠሉ ጋር ነው። «አሳልፊው፣ አሳልፊው፣ እሱ አይቆምልሽም» ይለኛል አባዬ። ሁሉንም አሳለፍኩ። መዳፌ መሪው ላይ ይንሸራተታል። አባዬ ግን ሃያ ዓመት የቀነሰ ይመስል ነበር።

ቁልቢ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ገብርኤልን ከመንገዱ ላይ ቆሞ ተሳለመ። ታኅሣሥ 19 አለፈ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሄዷል፣ ጸጥ ያለ ከተማ ነው። አንድ ጊዜ ፍሬን እንቢ ብሎት ጥላ ተስሎ እንደነበር አውቃለሁ፤ ታሪኩን እቤት መቶ ጊዜ ሰምተነዋል፣ እዚህ ልድገመው አልፈልግም። ተሳልሞ ሲመለስ ኪሱ በኦቾሎኒ ተሞልቶ ነበር።

ደንገጎ ላይ ጨለመ። ግራው ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ እኛ ቀጥታ። ሐረማያን በጨለማ አለፍነው። ሐይቁ ደርቆ ሜዳ ሆኖ የነበረበትን ጊዜ አባዬ ያስታውሳል፤ አሁን ውሃው ተመልሷል፣ መብራት ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። አወዳይ ግን ጨለማ አያውቅም፤ በዚያ ሰዓት የጫት ገበያው ግርግር መንገዱን ዘግቶት ሃያ ደቂቃ በእርምጃ ሄድን። አንድ ልጅ መስኮቴን አንኳኩቶ እሽግ ጫት ዘረጋልኝ። አባዬ «ሹፌር ናት፣ ተዋት» አለው። ሹፌር ያለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሐረር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። የእቴቴ ግቢ ድንኳን ተጥሎበታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሽንኩርት ይልጣል። አባዬ ከመኪናው ሲወርድ በረዥሙ ተነፈሰና «አሁን ይሸታል» አለኝ። ከጎረቤት የመጣች አንዲት የሐረሪ ሴት ሁልበት መረቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ አብሹ ተመትቶ ተመትቶ ነጭ አረፋ ሆኗል፣ ከሥሩ የሥጋ መረቅ፣ በዳቦ እየተጠለቀ የሚበላ። አባዬ ለሁለት ሰው የሚሆነውን በላ። እኔ መከልከል ደክሞኝ ነበር። ደግሞም የእኔንም ጨርሼ ወደሱ ሳህን እያየሁ ነበር።

ከመተኛቱ በፊት ጣቱን ዘረጋልኝ። ወጋሁት፣ ደሟን መለኪያው ላይ አደረግሁ፣ ሁለታችንም ትንሿን ስክሪን አጎንብሰን ጠበቅን። 187። ከፈራሁት ያነሰ ነው። አባዬ ቁጥሩን አይቶ «የግመሉ ወተት ነው» አለ።

እሁድ ጠዋት ለሙሽራው አጃቢዎች መኪናዋን ላጸዳ ገባሁ። ከተሳፋሪው ወንበር ሥር በጋዜጣ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ታኝኮ የደረቀ የሸንኮራ ምጣጭ ነው፤ አንድ ሙሉ አገዳ ይሆናል። ከመተሐራ እስከ አዋሽ፣ እኔ መንገድ መንገዱን ስመለከት፣ በመስኮቱ በኩል ዞሮ ሲያኝክ ነበር ማለት ነው። ጃኬቱ ገባኝ።

ይህን እንደያዝኩ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«ደኅና ገባችሁ? አባትሽ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ቂጣውን በላ?»

ግቢው ውስጥ አባዬ ትኩስ ፈጢራ ሰሃን ላይ ይዞ፣ ማር እየተንጠባጠበበት፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል።

«ተበልቷል፣ እማዬ። ፍርፋሪ አልተረፈም።»

«እንቁላሉስ?»

«እሱም ተበልቷል።»

«ተመስገን!» አለች፣ ድምፅዋ በደስታ ተሞልቶ። «ይኸው፣ ሲፈልግ ይበላል እኮ! ስልኩን ለእቴቴ ስጫት፣ ለመመለሻ ሦስት እንድትጋግርለት ልንገራት።»

አባዬ ፈጢራውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።